አዲሱ ገንዳ ለከተራ ይደርሳል ወይ? ትልልቅ ዓሦችን ወደ ሰፊ ገንዳ ስለ ማዛወር

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። በ500 ሊትር የመስታወት ገንዳ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አንድ አምባዛ፣ አራት ቆሮሶና ሁለት ነጭ ዓሣ ሁለት ዓመት ኖረዋል። አሁን ጠቧቸዋል። ባለቤቱ ጋሼ በአዲሱ አዳራሽ ምድር ቤት ከፊት መስታወት፣ በሦስት ጎን የሲሚንቶ ልስን የሆነ 3,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አሠርተዋል። ልስኑ ኅዳር 28 አለቀ። አዳራሹ ከዚህ በመኪና አምስት ደቂቃ ይርቃል። ለጥምቀት እንግዶች እንዲታዩ ዓሦቹ በከተራ ዕለት ገብተው እንዲያድሩ ይፈልጋሉ። ውኃው ከሐይቁ ይምጣ ወይስ ከቧንቧ? የድሮውን ውኃ እንዳለ እንገልብጠው? አምባዛው ካስቸገረስ ወደ ጣና እንመልሰው? ለመሆኑ እሱን እንዴት አድርገን ነው የምንይዘው?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አብዛኛው ሰው ቀዳሚ ያደርጋታል። አምባዛ ትልቅ ነው፣ ያሟልጫል፣ ይፈራገጣል፤ የሥራው ሁሉ ክብደት እሱን መያዝ ላይ ያለ ይመስላል። እኔ ግን ዓሣ በአያያዝ ሲሞት ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ብዙዎቹ የሚያልቁት በደህና ተዛውረው፣ ሰው ሁሉ ተመስገን ብሎ ከተበተነ በኋላ፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነው። የሚገድላቸውም እዚያ የጠበቃቸው ውኃ ነው። ስለዚህ ከሲሚንቶው እጀምራለሁ፤ አምባዛው ተራው እስኪደርስ ይታገሠን።

ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጥራል፤ ያው ግንበኛ የሚያውቀው ኖራ ነው። በአዲስ ልስን ላይ የተሞላ ውኃ ይህን ኖራ እያሟሟ ፒኤቹ (የውኃን አሲድነትና አልካላይነት የሚያሳየው ቁጥር፤ 7 መሐከለኛው ነው) 11 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። የጣና ዓሦች የሚመቻቸው ከ7 እስከ 8.5 ባለው ውኃ ነው። በ11 ውስጥ የገባ ዓሣ ስንጥቡ (በውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል) እና ቆዳው ይቃጠላል፤ ብዙም አይቆይም። ይህኛው አደጋ ፈጥኖ ስለሚታይ ሰው ይጠነቀቀዋል። የሚያታልለው 9 ላይ የቆመው ውኃ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ አይሸትም፣ ዓሣው ሲገባበትም ወዲያው ምንም አይሆንም። ጉዱ የሚወጣው አሞኒያ ሲጨመርበት ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል ያለማቋረጥ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያውም በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል። አንደኛው እምብዛም አይጎዳም፣ ሁለተኛው መርዝ ነው። የሁለቱን ድርሻ በዋናነት የሚወስነው ፒኤች ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 8 ላይ ከመቶ 5 ያህል ይሆናል፤ 9 ላይ ግን ከሢሶ ይበልጣል። ያው ዓሣ፣ ያው ምግብ፣ ያው ቆሻሻ ሆኖ ሳለ ግድግዳው ብቻ መርዙን ያበዛዋል።

ስለዚህ ልስኑ በመጀመሪያ 28 ቀን ይጠንክር። ያ ታኅሣሥ 26 ላይ ይሞላል። ከዚያ ግድግዳውንና ወለሉን አቼቶ እያርከፈከፉ በጠንካራ ብሩሽ ያስፈትጉት። አረፋ ቢያወጣ አይደንግጡ፤ አሲዱ ላይኛውን ኖራ እየበላው ነው። ካለቀለቁት በኋላ ገንዳውን እስከ አፉ ሞልተው ሦስት ቀን ያቆዩት፣ ያፍስሱት፣ እንደገና ይሙሉት። ይህን አራት ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ለእጥበቱ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ምንም አይልም። የሚፈሰውን ግን ወደ ሐይቁ አይልቀቁት፤ ጓሮ ላለው ጎመንም አያጠጡት።

ፒኤች መለኪያ ከየት ላምጣ ካሉኝ፣ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ሁሉ አያጣውም፤ ከጎረቤት መዋስ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የመዋኛ ገንዳ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ከ6.8 እስከ 8.2 ያለውን ብቻ ነው። ጠብታውን ጨምረው ሲነቀንቁት ቀለሙ የመጨረሻው ደማቅ ቀይ ላይ ከደረሰ «8.2 ነው» ብለው አይመዝግቡ፤ 9ም ሊሆን፣ 11ም ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ከዚያ በላይ ቀለም የለውም። በሁለት ብልቃጥ፣ አንዱን ከገንዳው፣ ሌላውን በባልዲ ቀድተው ካሳደሩት የቧንቧ ውኃ ወስደው ጎን ለጎን ይለኩ። ሦስት ቀን የቆመው የገንዳ ውኃ ከባልዲው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ሲያሳይ ያኔ ግድግዳው አደብ ገዝቷል። እስከዚያ ድረስ ዓሣ ይግባ የሚል ሁሉ፣ ጋሼም ቢሆኑ፣ አይደመጥ።

ልስኑን ከውኃ የሚለይ ኢፖክሲ ቀለም መቀባት ሌላው አማራጭ ነው። ለመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ተብሎ የተሠራው ዓይነት መሆን አለበት። ቀለሙ ግን በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ አይዝም፤ ለመድረቅም የራሱን ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ ቀን አያተርፍልዎትም። መስታወቱን ያያያዘው ሲሊኮን «ሻጋታ ይከላከላል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከሆነ መድኃኒት ተጨምሮበታልና ከአሁኑ ያስቀይሩት።

ግድግዳው እየጠነከረና እየታጠበ ሳለ ሌላው ሥራ በድሮው ገንዳ ውስጥ ይካሄዳል፤ ጊዜ የሚያተርፍልዎት ይህ ነው። አሞኒያውን የሚያስወግዱልን ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ያሻግረዋል። በአዲስ ገንዳ እነዚህ ከምንም ተነሥተው በቂ እስኪሆኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እርስዎ ግን ሁለት ዓመት የሠራ ማጣሪያ አለዎት። ለአዲሱ ገንዳ የተገዛውን ስፖንጅ ዛሬውኑ አምጥተው በድሮው ገንዳ፣ ውኃው በሚንቀሳቀስበት በኩል ይክተቱት። ስፖንጅ ውድ ከሆነብዎት የእኛ አካባቢ መሬት የሞላው ቀዳዳማ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ጣናን ገድቦ ሐይቅ ያደረገው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ያስቀረልን ነው። እንደ ትንሽ ሎሚ ተፈልጦ፣ አፈሩ በደንብ ታጥቦ፣ በመረብ ከረጢት ሲቀመጥ በየቀዳዳው ባክቴሪያ ይይዛል። አራትና አምስት ሳምንት እዚያ ከከረመ አዲሱ ማጣሪያ ሥራ የለመደ ሆኖ ይገባል።

ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት በስፖንጁና በድንጋዩ ገጽ ላይ ተጣብቀው ስለሆነ ማጣሪያውን የቧንቧ ውኃ እንዳይነካው። መታጠብ ካለበት ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ በቂ ነው። በዝውውሩም ቀን በራሱ ውኃ ውስጥ እንደተነከረ፣ ክዳኑ ክፍት በሆነ ባልዲ ይጓዛል። ለአዲስ ቤት አሮጌ ዕቃ አይገባም ብሎ በሳሙና ሊያጥበው የሚነሣ ትጉህ ሠራተኛ አይጠፋም፤ ያንን ሰው በዚያን ቀን ሌላ ቦታ ያሰማሩት።

መብራት ሲጠፋም የሚጎዳው ዓሣው ብቻ አይደለም። ውኃ የማይዘዋወርበት ዝግ ማጣሪያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኦክስጅን ያልቅበታል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መብራቱ ሲመጣም የሞተውን ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይተፋዋል። ስለዚህ ለእናንተ ክፍት ማጣሪያ ይሻላል፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም በመጠባበቂያ ይኑራችሁ።

ወደ ውኃው ምንጭ ልምጣ። ከጣና የመጡ ዓሦች የጣና ውኃ ይስማማቸዋል ማለት ትክክል ነው፤ ችግሩ የሚቀዳበት ቦታ ነው። ከከተማው ዳር የሚገኘው ውኃ የጎርፍ መውረጃውንም፣ የጀልባውን ናፍጣም፣ ደለሉንም ይዞ ነው የሚመጣው። እምቦጭ በሸፈነው ዳርቻ ደግሞ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው። የዓሣ ጥገኛ ተሐዋስያንም አብረው ይገባሉ። ለመቅዳት እስከ ጉልበቱ የሚገባው ሠራተኛችሁም ለቢልሃርዚያ ይጋለጣል። ስለዚህ የቧንቧውን ይውሰዱ፤ ክሎሪኑን ያስወግዱለት። በሮቶ ወይም በራሱ በገንዳው ውስጥ የአየር ፓምፕ እየነፋበት አንድና ሁለት ቀን ከቆየ ተራው ክሎሪን ይወጣል። ለእርግጠኝነት ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመራል፤ ለአንድ ግራም ክሎሪን ሰባት ግራም ያህል ይበቃዋል። ውኃው በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ካለው፣ 3,000 ሊትሩ 3 ግራም ይይዛልና 21 ግራም ነው ሒሳቡ። እኔ 30 አደርገዋለሁ፤ ትርፉ በዚህ መጠን ዓሣ አይጎዳም። የጉድጓድ ውኃ ከሆነ ክሎሪን የለውም ብለው ወዲያው እንዳይጠቀሙበት፤ ከጥልቅ የወጣ ውኃ ኦክስጅን ስለሚጎድለው አንድ ቀን አየር ይነፋበት።

የኦክስጅን ነገር ከተነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። በ25 ዲግሪ፣ በባሕር ወለል ከፍታ ያለ ውኃ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ግን የሚይዘው 6.6 ገደማ ነው። አንድ አምስተኛው ገና ከመነሻው የለም ማለት ነው። ስለዚህ «በዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይጓጓዛል» የሚል ሠንጠረዥ በእጅዎ ቢገባ ቁጥሩን ቀንሰው፣ ሰዓቱን አሳጥረው ይጠቀሙበት።

ይህ ጉድለት ሦስቱን ዓይነት ዓሣ እኩል አይጎዳቸውም። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው፤ ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ ከውኃ ውጭ እንኳ ይቆያል። ቆሮሶ ብዙ ጉድለት ይችላል። ነጭ ዓሣ ግን አይችልም። በጣና አሥራ አምስት ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም የሉም። ብዙዎቹም በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ጅረቱን ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈስ፣ አየር የጠገበ ውኃ የለመደ ዓሣ በጠባብ በርሜል ውስጥ ሲጨነቅ ፈጥኖ ይደክማል። ሰው ሁሉ ዓይኑን አምባዛው ላይ ተክሎ ሳለ በጎን የሚገለበጡት እነዚህ ናቸው። በዝውውሩ ቀን የሚያሳስቡኝ ሁለቱ ነጭ ዓሦችዎ ናቸው።

የድሮውን ውኃ እንገልብጠው ላሉት፣ 500 ሊትር በ3,000 ውስጥ ሲገባ አንድ ስድስተኛ ነው፤ ባክቴሪያውም በውኃው ውስጥ ስለማይኖር የሚጠቅመው ጥቂት ነው። የሚጎዳው ይበልጣል። ሁለት ዓመት በተጨናነቀ ገንዳ ውስጥ ናይትሬት ይከማቻል፣ ፒኤቹም ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ዓሦቹም ሳይታወቃቸው ለምደውት ይኖራሉ። እንዲህ የለመደን ዓሣ ድንገት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡት፣ ንጹሕነቱ ራሱ ያስደነግጠዋል። መፍትሔው ዓሦቹን አሁኑኑ ማለማመድ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምረው በሳምንት ሁለት ጊዜ የድሮውን ገንዳ ውኃ አንድ አምስተኛ እያወጡ በተዘጋጀ ውኃ ይተኩት። ቀኑ ሲደርስ በሁለቱ ገንዳዎች መካከል የሚቀረው ልዩነት ጥቂት ይሆናል።

ምግብ ለነጭ ዓሣውና ለቆሮሶው ከዝውውሩ አንድ ቀን በፊት፣ ለአምባዛው ሁለት ቀን በፊት ይቋረጥ። ከወጥ ቤት የሚወረወርለት የሥጋ ቁራጭም ምግብ ነውና ለወጥ ቤቱ ይነገር። ሆዱ የሞላ አምባዛ በርሜል ውስጥ ያስመልሳል፣ ውኃውም በአንድ ጊዜ ይበላሻል።

ለጉዞው ሁለት ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜሎች ይበቃሉ፤ ቀድሞ ዘይት ወይም የጽዳት ኬሚካል የያዙ መሆን የለባቸውም። አንዱ ለአምባዛው፣ አንዱ ለሌሎቹ። ግማሽ ድረስ በራሳቸው በገንዳው ውኃ ይሞሉ። ያ ብቻውን 100 ኪሎ ነውና በባጃጅ አይታሰብም፤ ፒክአፕ ይፈልጉ። በእያንዳንዱ ሊትር 3 ግራም ጨው ይጨምሩ፤ ለመቶ ሊትር 300 ግራም መሆኑ ነው። ጨዋማ ባልሆነ ውኃ የሚኖር ዓሣ ደሙ ከውኃው ይልቅ ጨው የበዛበት ስለሆነ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባበት፣ ጨው እየወጣበት ነው የሚኖረው። ሲጨነቅና ልጋጉ (ቆዳውን የሸፈነው ሙልጭልጭ ፈሳሽ) ሲላጥ ይህ ይብስበታል፤ ጨዉ ሸክሙን ያቀልለታል። አዮዲን ያለበት ጨው ዓሣ ይገድላል የሚባለውን አይስሙ፤ በዚህ መጠን የሱቁ ጨው ምንም አያደርግም። ቅርንፉድ ቀቅለን እናደንዝዘው የሚል ምክርም ይመጣልዎት ይሆናል። የቅርንፉድ ዘይት ዓሣ እንደሚያደነዝዝ እውነት ነው፤ ግን የሚያስተኛው መጠንና የሚገድለው መጠን ይቀራረባሉ፣ በቅቅል ደግሞ መጠን አይታወቅም። ለአምስት ደቂቃ መንገድ አያስፈልግም።

ዝውውሩ ጠዋት ይሁን፤ ሙሉ ቀን ዓሦቹን የሚያዩበት ጊዜ ይኖርዎታል። በጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ አዲሱ ገንዳ ከድሮው ሁለትና ሦስት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ሊያድር ይችላል፤ ሁለቱንም በቴርሞሜትር ይለኩ። መጋረጃው ይዘጋ፣ መብራቱ ይጥፋ፤ ጨለማ ዓሣን ያረጋጋል። ድንጋዩና ጌጡ ቀድሞ ይውጣ፤ ካልሆነ ዓሣው በየሥሩ እየተወሸቀ ሲጋጭ ቅርፊቱ ይረግፋል። ከዚያ ውኃው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እስኪቀረው ይውረድ። እዚህ ላይ ነጭ ዓሣዎቹ ይዘላሉና አንድ ሰው እርጥብ አንሶላ በገንዳው አፍ ላይ ወጥሮ ይያዝ።

በመጀመሪያ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎቹ ናቸው። መረብ አይንካቸው። ረዘም ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ውኃ ውስጥ አጥልቀው፣ በእርጥብ እጅ ከኋላ ቀስ ብለው እየነዱ ያስገቡትና ከነውኃው ያንሡት። ቆሮሶዎቹም እንዲሁ፤ የጀርባ እሾኻቸው መረብ ውስጥ ሲጠላለፍ ክንፋቸው ይቀደዳል። ከቆሮሶዎቹ መካከል አገጯ አበጥ ያለና መብላት የተወች ካለች አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ይዛለች። ስትደናገጥ ትተፋዋለች ወይም ትውጠዋለች። ለጫጩቶቹ ከሳሱ አሥር ቀን ያህል ቆይተው ያዛውሯት።

አሁን አምባዛው። ሁለት ሰው፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ወፍራም ለስላሳ ላስቲክ፣ አንድ እርጥብ ጨርቅ። የማዳበሪያ ከረጢት አይሁን፤ ሸካራው ክር ልጋጉን ይገፍፈዋል፣ ልጋጉ ደግሞ ከበሽታ የሚጠብቀው የመጀመሪያ አጥሩ ነው። ላስቲኩን አርጥበው ከገንዳው ወለል ጋር አስጠግተው በሆዱ ሥር ቀስ አድርገው ያሳልፉት። አይቸኩሉ፤ ሲሸሽ ይተዉት፣ ተመልሶ ጥግ ሲይዝ እንደገና ይሞክሩ። መሐሉ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ሰዎች አራቱን ጫፍ በአንድ ጊዜ ያነሣሉ፤ ላስቲኩ ጎድጉዶ ዓሣው ግማሽ ጎኑ ድረስ ውኃ ውስጥ እንደተኛ ይቀራል። ወዲያው እርጥቡን ጨርቅ ዓይኑ ላይ ጣል ያድርጉለት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል። ቢፈራገጥ ላስቲኩን አጥብቀው አይጭመቁት፣ ወደ ገንዳው ዝቅ ያድርጉት። በጅራት ብቻ ማንሣት አከርካሪውን ይጎዳል፤ በስንጥቡ ጣት ማስገባት ደግሞ የዓሣ ገበያ አያያዝ ነው። በደረቱ ግራና ቀኝ ያሉት እሾኾች መጋዝ አላቸው፤ እጅ ይቀድዳሉ፣ መረብ ውስጥ ከገቡም አይወጡም። በድንገት መረብ ከያዘው አይጎትቱ፣ መረቡን በመቀስ ይቁረጡት። ከዚያ ጭንቅላቱን አስቀድመው ወደ በርሜሉ ያንሸራትቱት። በበርሜሉ ውኃና ክዳን መካከል አየር ይኑር፤ እስከ አፉ የተሞላ ዝግ በርሜል አምባዛን ያፍነዋል። ክዳኑ ቀዳዳ ይኑረው፣ ግን በገመድ ይታሰር። አምባዛ ክዳን ገፍቶ የመውጣት ዓመል አለው።

እዚያ ስትደርሱ የአየር ፓምፑ በበርሜሉ ውስጥ እየሠራ፣ በየአምስት ደቂቃው አሥር ሊትር ያህል የአዲሱን ገንዳ ውኃ ይጨምሩ፤ በዚያው ልክ ያውጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። (ዓሣ በታሰረ ላስቲክ ብዙ ሰዓት ተጉዞ ከመጣ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። በታሰረው ውኃ ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ስለሚያወርደው አሞኒያው ሳይጎዳ ይቆያል፤ ላስቲኩ ሲከፈት ካርቦኑ ይወጣና አሞኒያው ወደ መርዝ ይዞራል። ያኔ ሙቀቱን በላስቲኩ እንደታሰረ አስተካክሎ፣ ከፍቶ፣ ዓሣውን ብቻ ቶሎ ማስገባት ነው።) ነጭ ዓሣዎቹ ይቅደሙ፣ ቆሮሶዎቹ ሁሉም በአንድ ላይ ይከተሉ፤ አንዱ ቀድሞ ከገባ ገንዳውን የራሱ ግዛት ያደርገውና የኋለኞቹን ያሳድዳቸዋል። አምባዛው በመጨረሻ ይግባ። የበርሜሉ ውኃ ወደ ገንዳው አይገልበጥ። የገንዳው ክዳን ከላይ ክብደት ይኑረው።

በዚያን ቀን መብራት አይብራ፣ ምግብ አይሰጥ። በማግሥቱ ጥቂት፣ ለአንድ ሳምንት ከወትሮው ግማሽ ይበቃቸዋል። አሞኒያና ናይትራይት መለኪያ ካገኙ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይለኩ። ካላገኙ ዓሦቹን ይዩ፦ ነጭ ዓሣ ላይ ወጥቶ አፉን ከከፈተ፣ ቆሮሶ ክንፉን አጥፎ ጥግ ከያዘ፣ ሳይጠብቁ ሩቡን ውኃ በተዘጋጀ ውኃ ይቀይሩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በገንዳው ውስጥ በሊትር 1 ግራም፣ በጠቅላላው 3 ኪሎ ጨው መኖሩ ናይትራይት በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከላከላል። አምባዛው ላይ ወጥቶ አየር መጎንጨቱ ግን ተፈጥሮው ነውና ለእሱ አይጨነቁ።

ከተራን በተመለከተ፣ ሒሳቡን ለጋሼ እንዲህ አድርገው ያቅርቡላቸው። ልስኑ ታኅሣሥ 26 ይጠነክራል፤ አራቱ እጥበት በሦስት በሦስት ቀን 12 ቀን ነው፤ ያ ጥር 8 ያደርሰናል። በወረቀት ላይ ሁለት ቀን ተርፏል። ነገር ግን የመጨረሻው ውኃ ተሞልቶ፣ ክሎሪኑ ወጥቶ፣ ፒኤቹ ሦስት ቀን ቆሞ መለካት አለበት። ከዚያም ላይ የጥምቀት ሰሞን አዳራሽ ማለት ከበሮ፣ ፎቶግራፍ፣ መስታወት የሚያንኳኳ ልጅ ማለት ነው። ገና የተዛወረ ዓሣ በዚያ መሐል ማሳደር ጭካኔ ነው። ለበዓሉ ገንዳው በውኃ፣ በድንጋይና በመብራት ብቻውን ይታይ፤ እንግዳ ውኃውን አይቶ ዓሣውን ቢጠይቅ «በሚቀጥለው ሲመጡ» ይባላል። ዓሦቹ ከጥር 20 በኋላ ይግቡ። የሚቆጡ ከሆነ በእኔ ያሳብቡ።

ወደ ጣና መመለስን ግን አልመክርም። ሁለት ዓመት በገንዳ የኖረ ዓሣ ከሌላ ቦታ በመጣ ዕቃ፣ መኖና ውኃ በኩል የያዘውን በሽታ ይዞ ይገባል። እዚያ ያሉት ደግሞ ሌላ ቦታ መተኪያ የሌላቸው ዝርያዎች ናቸው። አምባዛው በእርግጥ ካስቸገረ ሰፊ ኩሬ ያለው የዓሣ እርባታ ይፈልጉለት፤ ወይም፣ ይቅር ይበሉኝና፣ በሚፈሰክበት ቀን ወጥ ቤቱ ያውቅበታል።

የድሮውን ገንዳ ቶሎ አያፍርሱት። ግማሽ ውኃ፣ አንድ የቆየ ስፖንጅና የአየር ፓምፕ ይቅርለት፤ በየሁለት ቀኑም ቁንጥር መኖ ይጣልበት፣ ያለ ምግብ ባክቴሪያው ይሞታልና። አዲሱ ላይ አንድ ዓሣ ቆስሎ ወይም ተሳድዶ ብቻውን ማረፍ ቢያስፈልገው የሚሄድበት ቦታ አለው።